ዝንብ የሸሸውን ዓሳ ያላመኑ ሴት

መልእክቱ የመጣው በድምፅ ነው። የላከችው ሂባ ናት፣ ከካይሮ። የዶክተራ ኢኽላስ የእህት ልጅ ናት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳ ስትሮጥ ጀምሮ አውቃታለሁ። «ኻላ አለም፣ ኻልቶ ሞተች» አለች። ኻልቶ የምትላቸው አክስቷን ነው። ከዚያ አለቀሰችና ድምፁ ተቆረጠ።

እኔ አላለቀስኩም። አላመንኩማ! ከሱዳኑ ጦርነት ወዲህ በስልክ ያልሞተ ሰው የለም። እኔ ራሴ ገዳሪፍ ቁጭ ብዬ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ተለቅሶልኛል፤ ንፍሮዬን የበሉ ሰዎች ዛሬ ሲያዩኝ ያፍራሉ። ስልክም እንደሆነ በሌባ እጅ ይገባል። ስለዚህ ቁልፉን ተጫንኩና እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «ሂባዬ፣ ከማን ሰማሽ? አንቺ አጠገባቸው ነበርሽ ወይስ የነገረሽ ሰው አለ? እሱስ ከማን ሰማ?»

ከላክሁ በኋላ ነው የታወቀኝ። ጥያቄው የእኔ አይደለም። የእሳቸው ነው። ሴትዮዋ ወሬም ሆነ ውሃ፣ ዳቦም ሆነ ዓሳ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚሉት ይሄንን ነበር፦ «ከማን እጅ?»

ዶክተራ ኢኽላስን ያወቅኳቸው አርካዊት ሰፈር፣ ቤታቸው ልሠራ ገብቼ ነው። በመተማ በኩል ከገባሁ ቆይቻለሁ፤ ልጄ ሩት እዚሁ ካርቱም አድጋ፣ አማርኛውን ከዐረብኛ ጋር እያቦካች ነው የምትናገር። የገባሁ ዕለት ከየት ነሽ የለ፣ ባል አለሽ የለ። «እጅሽን አምጪ» አሉኝ። መዳፌን ገለበጡ፣ ጥፍሬን አዩ፣ ቁስል እንዳለው ፈለጉ፣ ከዚያ «ደህና» ብለው ለቀቁኝ። ይቺ ሴትዮ እንደ ገበያ በሬ ጥርሴን ማየት ብቻ ነው የቀራት አልኩ በሆዴ።

ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። የሱዳን ሴቶች የሚጠመጠሙትን ቶብ፣ የሥራ ቀን ነጩን ይለብሳሉ። መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ እጃቸው ከመታጠብ ብዛት እንደ ክረምት ጭቃ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ የራሳቸውን ኩባያ በቦርሳ ይይዛሉ። ሰርግ ላይ የድስቱን ክዳን አንስተው፣ አይተው፣ መልሰው ይከድናሉ፤ የሙሽራዋ እናት ትቀየማለች ብሎ ነገር የለም። ዓሳ ደግሞ ጭራሽ! ዓባይ ዳር ተወልደው ዓሳ በአፋቸው አይዞርም። ሂባ «ዓሳው ነው ኻልቶን የሚፈራት» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

ሥራቸው ዓሳ መመርመር ነው። ሱቅ ላይ የሚሸጠው ዓሳ እየተገዛ ላብራቶሪ ይገባል፤ ጀርም ይኑርበት፣ ኬሚካል ይነካው ይታያል። ይሄን ዛሬ ነው አፌን ሞልቼ የምናገረው። ያኔ ማንም ያስረዳኝ የለም። አንድ ቀን ጠዋት «አለም፣ ከዛሬ ጀምሮ ዓሳ የምትገዢው አንቺ ነሽ። የማን ሠራተኛ እንደሆንሽ ለማንም አትናገሪ» አሉኝ፣ በቃ።

ለምን እኔ? እሳቸውን ሻጮቹ ለይተዋቸዋል፤ ነጩ ቶብ ብቅ ሲል የደህናው ደህና ከሥር ይወጣል። ሐበሺያ ሠራተኛን ግን ማን ልብ ይላታል? ዘምቢል ይዛ የምትሄድ ጥላ ናት። ይሄም በኋላ የገባኝ ነው።

የመጀመሪያ ቀን የሠራሁትን እስካሁን ሂባ ታወራዋለች። ሄድኩ፤ ስንጥቡን ገልጬ፣ ዓይኑን አይቼ፣ ተከራክሬ፣ ከሱቁ ውስጥ ያለውን ምርጥ ቡልቲ የሚሉትን ዓሳ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ቅርፊቱን ፋቅሁ፣ ሆዱን አወጣሁ፣ በጨውና በሎሚ አሽቼ ሦስቴ አለቀለቅሁት። እንግዲህ ዶክተር ናት፣ ንጽሕና ትወዳለች ብዬ ነው። በትሪ አድርጌ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሼ አቀረብኩ።

ጨርቁን ገለጡ። ትሪውን አዩ። እኔን አዩ።

«ምን አደረግሽ?»

«አጠብኩታ፣ ዶክተራ።»

«በምን?»

«በሎሚ፣ በጨው…»

ሂባ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። ዶክተራ ግን አልሳቁም። «ምስክሩን ገድለሽ፣ ገንዘሽ አመጣሽልኝ» አሉ። ከዚያ ተቀምጠው፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ሕፃን አስረዱኝ፦ አትጠቢ፣ በባዶ እጅሽ አትንኪ፣ ሻጩ ራሱ ከረጢት ውስጥ ይክተት፣ በረዶ ሳጥን ውስጥ ይግባ። «ደግሞ አትምረጪ። የደከማት ሴት ከሥራ ስትመለስ የምታነሳውን አንሺ። የመረጥሽው ዓሳ የሚያወራው ስለ አንቺ ነው፤ ስለ ሱቁ አይናገርም።»

እሺ አልኩ። ግን ልቤ አልተኛም። ሰው ዓሳ አስገዝቶ እንዳትጠቢ ይላል? ደግሞ የተረፈው! ቁራጭ ተወስዶ የሚተርፈው ዓሳ ክሎሪን ይፈስበትና ይቃጠላል። ለድመት እንኳ አይሰጥም። ለሐበሻ ከምትሰጠው ለእሳት መስጠት ይሻላታል አልኩ። ከዚያ ሐሳቤ እየከፋ ሄደ። የገዛሁት እኔ፣ የያዝኩት እኔ፤ አንድ ቀን ፖሊስ ቢመጣ ማንን ነው የሚይዘው? ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ያለፈበት ነው። ከሻ ሲወጣ፣ ያ ፖሊስ መንገድ ለመንገድ ሰው የሚለቅምበትን ማለቴ ነው፣ አልጋ ሥር የምገባ ሴት ነኝ። የሩት ባል ሳሚ ደግሞ ያባብስብኛል። «እማዬ፣ ሰላይ ሳይሆኑ አይቀሩም» ይለኛል እየሳቀ። «ዓሳ እየገዙ ዓሳ የማይበሉ ሰው የት አገር ነው ያለው?»

እሱም ዓሳ ቤት ነበር የሚሠራው። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ መስታወት የገጠመ፣ ነጭ ሸክላ የተለጠፈበት፣ በረዶው ላይ ዓሳው እንደ ሙሽራ የሚደረደርበት ሱቅ ውስጥ ቆራጭ ነው። የእኛ ሰው በጾም ዓሳ ይበላል አይበላም ብሎ ቄስ ድረስ ይከራከራል፤ ካርቱም ላይ ግን ሁዳዴ ሲገባ ሱቁን የሚሞላው ሐበሻ ነው። ሩት እርጉዝ ነበረች፣ ዓሳ አማራት። ሳሚ በየቀኑ ማታ ማታ በፌስታል ያመጣላታል።

ለነገሩ ሳሚንም አላምነውም ነበር። ዓይኑ ደም መስሎ ይመጣል። ያስለዋል። የእጁ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ዐረቄ ነው አልኩ፣ ሌላ ምን ይሆናል?

«ማማ፣ ኻላስ! አይጠጣም ወላሂ!» ትላለች ሩት።

«ወላሂ አትበይ! ክርስቲያን አይደለሽም? በድንግል ማይልኝ።»

«በድንግል አይጠጣም፣ ወላሂ!»

እንዲህ ያለች ልጅ ናት ያለችኝ፣ አንዲት።

ወደ ዶክተራ ልመለስ። ከረጢቶቹ ላይ ቁጥር እንድጽፍ ፈልገው ነበር፤ እኔ ግን የእነሱን ቁጥር አላውቅም። አማርኛውንም ቢሆን ፊደል ቆጥሬ ያቆምኩ ነኝ፤ ይሄንንም የምጽፈው እያረፍኩ ነው። እሳቸው ታዲያ አንገቴን አዩ።

«ይሄ ክር ምንድነው?»

«ማተብ ነው። ክርስቲያን መሆኔ ይታወቅበታል።»

«ስም አለበት? ተጽፎበታል?»

«ኧረ የለበትም።»

«ታዲያ በምን ይታወቃል?»

«በክሩ ነዋ!»

በማግሥቱ ክር ይዘው መጡ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። «ለእያንዳንዱ ሱቅ አንድ ቀለም ትሰጪና ከረጢቱ አንገት ላይ ታስሪያለሽ። የትኛው የማን እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ብቻ። እስክጠይቅሽ ለእኔም አትንገሪኝ።»

«ለዓሳ ማተብ ልሰር? አበስኩ ገበርኩ!»

«ካሰርሽለት አይዋሽም» አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

ለምን ለእርስዎ አልነግርም ብዬ ጠየቅሁ። «የምወደው ሱቅ ከሆነ እጄ ያዳላል። የምጠላው ከሆነ ደግሞ የባሰ ያዳላል» አሉ። ራሳቸውን እንኳ የማያምኑ ሴት! ይሄ ነው ያስፈራኝ። ምስጢሩ በእኔ ጭንቅላት ብቻ መቀመጡም አስፈራኝ፤ ምስጢር የተቀመጠበት ጭንቅላት ነው የሚመታው።

ሱቆቹን ሲያስመርጡኝ «አንዱ ዓይንሽን ጨፍነሽ የምታምኚው ይሁን» አሉ። የሳሚን ሱቅ መረጥኩ። የማተቤን ቀለም፣ ሰማያዊውን ሰጠሁት። ቀዩን መንገድ ዳር ጃንጥላ ሥር ለምትሸጠው ሴትዮ ሰጠኋት፤ ዓሳዋ ላይ ዝንቡ እንደ ጥቁር አዝሙድ ተነስንሶበታል። ያመኛል ሳየው።

አንድ ቀን ላብራቶሪያቸው ወሰዱኝ። አንድ ክብ ሳህን አሳዩኝ፤ ውስጡ እንደ ረጋ ሾርባ ያለ ነገር አለ፣ ላዩ ላይ ነጠብጣብ በቅሏል። «ይሄ የቀዩ ነው። ቆሻሻ ውሃ ነው የታጠበበት። ጀርም ነው።»

«ብያለሁ እኮ! ዝንቡን ያየ ያውቀዋል» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

«ቀስ በይ። ይሄንን በደንብ ብትጠብሺው እሳት ይገድለዋል። ሁሉን ነገር ግን እሳት አይጨርሰውም።» ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው የማልረሳውን ነገር ተናገሩ፦ «ዝንብ ያረፈበትን ፍሪ። ዝንብ የሸሸውን ግን ይበልጥ ፍሪ። ዝንብ ምስክር ነው፣ ለብቻው ግን አይፈርድም።»

አልገባኝም። ንጹሕ ሱቅ ላይ ዝንብ ምን ይሠራል?

ሁዳዴው ሳይጋመስ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስልጥ ገቡ። ቦርሳቸውን እንኳ አላስቀመጡም።

«ሰማያዊው የማን ነው?»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። «ምን ሆነ?»

«ጠብታውን ስጨምርበት ወይን ጠጅ ቀለም ሆነ። ፎርማሊን አለበት። ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚደረገው።»

«ሬሳ?»

«ዓሳውን እንደ አዲስ ያቆየዋል። ዝንብም አያርፍበትም። የማን ነው? በአንገትሽ ክር ማይልኝ።»

ዐረቄ ያልኩት ዓይን፣ ዐረቄ ያልኩት ሳል፣ የተላጠው እጅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ ቆመ። ደግሞ የሩት ሆድ። በየማታው ያ ፌስታል።

«የልጄ ባል የሚሠራበት ነው» አልኩ። «ልጄ ከዚያ ነው የምትበላው። እርጉዝ ናት፣ ዶክተራ!»

ያቅፉኛል ብዬ ነበር። ሌላ ሱዳናዊት ብትሆን ደረቷ ላይ ታስለቅሰኝ ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉ። «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትበላ ንገሪያት፤ ነገ ሐኪም ጋ እንልካታለን። አንድ ዓሳ ግን ሱቅ አያስቀጣም። ደግመሽ ትገዣለሽ።»

«ልጄን ነው የምልዎት!»

«ሰማሁ። ልጅሽ እናት አላት፣ ትነግራታለች። ለሌላዋ እርጉዝ ማን ይነግራታል?»

በሃፍላ፣ በሕዝብ መኪና፣ ወደ ካርቱም ሁለት ስሄድ መስኮቱን ተደግፌ የማላስበው አልነበረም። ይቺ ሴትዮ ልታጠምደኝ ነው። ሱቁ ቢዘጋ ሳሚ ሥራ ያጣል፤ ወረቀት የለውም፣ ፖሊስ ካገኘው ይጭነዋል። ልጄ ሆዷን ይዛ ትቀራለች። ዝም ብል ደግሞ ጾመኛው ሁሉ፣ አጠገቤ የሚያስቀድሰው ሁሉ፣ የሬሳ መድኃኒት ሲበላ ላየው ነው።

ሱቁ ስደርስ ሳሚ ፊት ለፊት ቆሟል። ሌላ ጊዜ ከጓዳ ነበር። ባለቤቱ ሐጂ ደግሞ ከጎን ወንበሩ ላይ መስበሓውን፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ይቆጥራል። ጣቴን ወደ መስታወቱ ሳነሳ፣ ሳሚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ፦

«እማዬ፣ ከዚህ አይግዙ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለው ይስሙኝ።» ጎንበስ አለና ከባንኮው ሥር የራሱን ፌስታል አወጣ። «ይሄን ይውሰዱ። ጠዋት ሳይነከር ለሩት የማስቀርላት ነው። መድኃኒት አልነካውም።»

እንግዲህ ሩት የምትበላው ይሄ ነው! እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ።

«አንተ፣ ታውቃለህ?»

«የምነክረው እኔ ነኝ፣ እማዬ። ምን ላድርግ?» ዓይኑ ቀላ። ከመድኃኒቱ ይሁን ከእንባው አላወቅሁም። «ይሄን ለእመቤትዎ ይውሰዱላቸው፤ ይወዱታል። ከዚያኛው ግን አይንኩ።»

እንዲህ ሆነ እንግዲህ። የልጄ ባል ከፍቅር የተነሳ ደህናውን ዓሳ እጄ ላይ አስቀመጠው። እሱን ይዤ ብሄድ፣ ሰማያዊ ክር ባስርበት፣ ሱቁ ንጹሕ ይሆናል፤ የሳሚ እንጀራ ይተርፋል፤ ማንም አያውቅም። «የመረጥሽው ዓሳ ስለ ሱቁ አይናገርም» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ምነው ባልሰማሁት።

የሳሚን ፌስታል ዘምቢሌ ውስጥ ከተትኩና፣ እንደማያውቀኝ ሰው፣ ጮክ ብዬ በዐረብኛ «ከዚያ ከመስታወቱ አንድ ስጠኝ» አልኩት።

«እማዬ!»

«ሳሚ! ሐበሺያዋን ምን ታስወራታለህ? ያላ!» አለ ሐጂ፣ ከመስበሓው ሳይነሳ።

ሳሚ አነሳና ከረጢት ውስጥ ከተተልኝ። አንድ ዝንብ መስታወቱ ላይ ዞር ዞር ብላ፣ ሳታርፍ ወጣች።

አርካዊት ስደርስ ዶክተራ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ከማን እጅ?»

«ከልጄ ባል እጅ።» ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሁለቱንም አስቀመጥኩ፣ ክር ያለውንና ክር የሌለውን።

«ይሄስ?» አሉ ክር የሌለውን እያሳዩ።

«እሱማ ስለ ሱቁ አይናገርም» አልኩ። «ስለ ልጁ ነው የሚናገር።»

አዩኝ። ጎበዝ አላሉኝም፤ ያን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። «ሁለቱንም አያለሁ» ብለው ገቡ። ሰማያዊው ደግሞ ወይን ጠጅ ሆነ፤ ክር የሌለው ንጹሕ። ሩትንም ሐኪም አያት፣ ደህና ናት ተባለ።

የሳሚን ነገር እንዲያስቡልኝ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሱቁ ሲታሸግ ፖሊስ አብሮ እንደሚሄድ አውቃለሁ። «ቃል አልገባም» አሉኝ። «የማልችለውን አልልም። ሱቁ ሲታሸግም ቀኑን ለማንም አልናገርም፣ ለአንቺም።» በሆዴ ረገምኳቸው። ዛሬም ያ ርግማን ያሳፍረኛል ብል ግን መዋሸት ይሆናል፤ ያኔ ሊረገሙ ይገባቸው ነበር።

ከቀናት በኋላ ነው፣ ልወጣ ስል «ነገ ያ ዓይኑ የሚቀላው ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ይምጣ። ቧንቧ ያፈሳል» አሉኝ።

ያን ቤት የማጸዳው እኔ ነኝ። የሚያፈስ ቧንቧ የለም። ሳሚም ዓሳ ቆራጭ እንጂ ቧንቧ ሠራተኛ አይደለም።

እግዚኦ! ሊያስይዙት ነው! ቤታቸው ጠርተው፣ በእኔ እጅ አስመጥተው፣ ለፖሊስ ሊሰጡት ነው። እኚህ ሴት ሲዋሹ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም፤ ይሄ ቧንቧ ግን ዐይን ያፈጠጠ ውሸት ነው። ሳሚን ላሽሸው ወይስ ልውሰደው? ሩት «አይሄድም!» ብላ ጮኸች፣ በእኔ ምክንያት መሆኑን ሰምታለችና ፊቷን አዙራብኝ ነበር። ሳሚ ነው ልብሱን የለበሰው። «እማዬ፣ መድኃኒት ከምነክር ቧንቧ ልጠግን» አለ።

አብሬው ሄድኩ። በሩ ሲከፈት ፖሊስ የለም። ዶክተራ ብቻ። በረዶ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ውስጡ ቡልቲ፣ ክር የለበትም።

«ቧንቧው የታለ?» አለ ሳሚ።

«ይቆየን። እጅህን አምጣ።» መዳፉን ገለበጡ፣ የተላጠውን አዩ፣ ቅባት አምጥተው በራሳቸው ጣት ቀቡት። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲቀመጥ አደረጉት። ከዚያ ጓንት ሰጡትና «ዓሳ ትጠብሳለህ?» አሉ። «ዛሬ ጠዋት ወንዙ ዳር ሄጄ ከጀልባው ላይ፣ ከአጥማጁ እጅ ነው የወሰድኩት። ከዚህ በኋላ ከአንተ በቀር ማንም አይነካውም።»

ሳሚ ጠበሰ። ዶክተራ ዓሳውን አሸተቱ፣ ገለበጡ፣ ብርሃን ላይ አዩት። ከዚያ በሉ! እሾሁን እየለቀሙ፣ ቀስ እያሉ፣ እስከ ጭራው። ሂባ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። «ኻልቶ ዓሳ በላች! ሰው ጥሩ፣ ኻልቶ ዓሳ በላች!»

«አፍሽን ዝጊ፣ ዝንብ ይገባብሻል» አሉ።

ሻይ ሲፈላ የሳሚ ስልክ ጮኸ። ሱቁ ታሸገ፤ ሐጂ ተወሰደ፤ ውስጥ የነበሩት ሠራተኞችም መኪና ላይ ተጭነው ሄዱ። ሳሚ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ ዶክተራ ዞረ። እኔም ዞርኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ሊታጠቡ ተነስተው ነበር።

«ለሌሎቹስ ልጆች፣ ዶክተራ?» አልኩ። አፌ ነው ያመለጠኝ።

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። «ቤቴ ያለው ቧንቧ አንድ ነው» አሉ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁት። በዚያ ቤት የፈሰሰ ቧንቧ ያ ብቻ ነው።

ያን ቀን ዓሳውን የበሉት ሳሚን አምነውት ይሁን፣ ወይስ ልጁ ከጠረጴዛው እንዳይነሳ ሰዓቱን ሲገፉለት፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አልጠየቅኳቸውም። ብጠይቃቸውም ደረቅ መልስ ነበር የሚሰጡኝ።

ሩት ይቅር ያለችኝ ልጇን ከወለደች በኋላ ነው። ዶክተራ ሊጠይቋት ዴም ሲመጡ ሆሹ፣ ግቢያችን ውስጥ ያለው ሐበሻ ሁሉ ነጭ ቶብ አይቶ ከሻ መሰለውና በግድግዳ ዘለለ። እሳቸው ሕፃኑን አዩና «ውሃውን ታፈሉታላችሁ?» አሉ። ምርቃታቸው እሱ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እሳቸው ወደ ካይሮ፣ እኛ ወደ ገዳሪፍ። አሁን ተመልሰናል። ሳሚ ዴም ላይ ጃንጥላ ሥር የራሱን ዓሳ ይሸጣል፤ በፈላ ውሃ ያጥባል፣ ዝንቡን በካርቶን ያባርራል። ሰዎች እያለፉ «ዝንብ አለበት» ይሉታል፤ «ዝንብ ካልወደደው እናንተም አትውደዱት» ይላቸዋል። ዓሳ የሚመረምር ሰው ግን አላየሁም። መስታወት የገጠመ ሱቅ እንደገና ተከፍቷል፤ ባጠገቡ ሳልፍ የልጅ ልጄን እጅ ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ። ዝንብ አለ ወይ ብዬ አያለሁ። ማንን እጠይቃለሁ?

የሂባ መልስ በማግሥቱ መጣ። ረጅም ድምፅ ነው።

«ኻላ አለም፣ እኔ ነበርኩ አጠገቧ። ማንም አልነገረኝም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። መጨረሻ ላይ ከንፈሯ ደርቆ ውሃ ሰጠኋት። አልጠጣም አለች። እኔ ነኝ ያመጣሁልሽ፣ ሂባ ነኝ፣ ከእኔ እጅ ነው አልኳት። ዓይኗን ገለጠችና ‹ካንቺ እጅ መሆኑንማ አየሁ፤ አንቺስ ከየት ቀዳሽው?› አለችኝ።»

ይሄን ስሰማ ስልኩን አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለውን ማንም ፈጥሮ አይናገረውም።

ያኔ አለቀስኩ።